ሳይኮሎጂ በዲስታንስ፣ በዊኬንድ ወይስ በኦንላይን? ሰሜን ሸዋ ሆናችሁ ለምታስቡ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከመሀል ሜዳ ደውላ "እትዬ፣ ሳይኮሎጂ ልማር ቆርጫለሁ፣ በዲስታንስ ይሻለኛል ወይስ ደብረብርሃን እየተመላለስኩ በዊኬንድ?" አለችኝ። አስር ደቂቃ ያህል እንዳወራን ካርዷ አልቆ ተቋረጠ፣ እኔ ደግሞ ገና አፌን መክፈቴ ነበር። የቀረውን እዚህ ልጨርሰው፣ እሷም ታነበዋለች፣ ሌላም የቸገረው አይጠፋም።

እኔ በዲስታንስ ነው የተማርኩት፣ 2012 ገብቼ 2016 ወጣሁ፣ ያኔ ደብረሲና መንግስት ቤት ነበር የምሰራው። ጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ደግሞ በዛው ዓመት ያንኑ ሳይኮሎጂ ደብረብርሃን በዊኬንድ ጀመረች፣ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት እሷ አይኗ ቀልቶ ስትገባ እኔ ቅዳሜና እሁድ ጋቢዬን ለብሼ ቤቴ የዋልኩት ስስቅባት ነበር፣ ሳቁ ሁለተኛው ዓመት ላይ ዞረብኝ እንጂ።

ሰው ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያወዳድረው ክፍያ ነው። ይወዳደር፣ ብር ብር ነው። ግን እኔ እንዳየሁት ሳይኮሎጂ ላይ ሰው የሚንገዳገደው ሁለት ቦታ ነው፣ ስታቲስቲክስና ፕራክቲከም (ወጥቶ በተግባር መለማመዱ)። ሌላው ንባብ ነው፣ ጊዜ ካላችሁ ትወጡታላችሁ፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ፒያዤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ውሃ ከሰፊ እቃ ወደ ቀጭን ረጅም እቃ ሲገለበጥ የበዛ ይመስለዋል ይላል አይደል፣ እኔ እሱን ያነበብኩ ማታ የአምስት ዓመት ልጄ ፊት ውሃ ከጣሳ ወደ ብርጭቆ ገለበጥኩለት፣ "አሁን በዛ" አለኝ፣ መልሼ ጣሳው ውስጥ ጨመርኩት፣ "አነሰ" አለኝ፣ ሶስቴ ብደጋግመውም ያው ነው። እንዲህ አይነቱን ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይማረዋል። ስለዚህ አማራጮቹን ስታወዳድሩ ጥያቄያችሁ "ስታቲስቲክሱን ማን ያስረዳኛል፣ ፕራክቲከሙን ማን ቁጭ ብሎ ያየኛል" ይሁን ነው የምለው።

ከሁሉ በፊት ግን እውቅና። ይሄ ምርጫ ውስጥ አይገባም፣ ከሌለ አትመዝገቡ አለቀ። ፍቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ነው፣ ድሮ ሄርኳ የምንለው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ኮሌጁ ታዋቂ ስለሆነ፣ ወይ አዲስ አበባ ያለው ግቢው ሳይኮሎጂ በመደበኛ ስለሚያስተምር እዚህ ያለው ማዕከልም ያው ነው ብሎ ነው። አይደለም። ፍቃዱ በየፕሮግራሙ፣ በየአሰጣጡ (መደበኛ፣ ማታ፣ ርቀት) እና በየቦታው ነው፣ የሚያልቅበት ቀንም አለው። ደብዳቤውን አሳዩኝ በሉ፣ ማፈር የለም፣ ሳይኮሎጂ የሚል፣ ርቀት የሚል፣ ቀኑ ያላለፈ። የርቀት ትምህርት እዚህ አገር መመሪያ ባንዴ ሲገለበጥበት የታየ ነገር ነው፣ ነሐሴ 2002 ላይ መንግስት ጭራሽ አግዶት ነበር፣ በኋላ ሲፈቀድ ህግና መምህርነት ለግሎቹ ሳይፈቀድ ቀረ። ሳይኮሎጂ እዛ ውስጥ አልነበረም፣ ግን ያን ጊዜ የደነገጡ ሰዎች ስለማውቅ ነው ደብዳቤ ደብዳቤ የምለው። የመግቢያ ነጥባችሁንም እዛው አጣሩ፣ ከ2014 ወዲህ አስራ ሁለተኛ የተፈተነ 50 ፐርሰንት ያስፈልገዋል፣ ያልሞላለት ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መኖሩን ይጠይቅ፣ ቀደም ብላችሁ የተፈተናችሁ ደግሞ የዓመታችሁን መቁረጫ ነው የምትጠየቁት።

እሺ ወደ ዲስታንሱ። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ትመዘገባላችሁ፣ ሞጁል ትረከባላችሁ፣ አሳይመንት ሰርታችሁ ታስገባላችሁ፣ አንዳንዴ ቱቶሪያል ይጠራል፣ መጨረሻ ፋይናል ማዕከሉ ሄዳችሁ ትፈተናላችሁ። እኔ ጋ አሳይመንቱ 30 ፋይናሉ 70 ነበር። በሴሚስተር ደብረብርሃን የወጣሁት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ኮርስ ነው፣ ሁሉም ዲፓርትመንት የሚወስደው፣ ጀነራል ሳይኮሎጂ ራሱ እዛ ውስጥ አለ፣ ሂሳብም አለ፣ ሎጂክም አለ፣ ስለዚህ "ሳይኮሎጂ ብዬ ገብቼ ጂኦግራፊ አስጨበጡኝ" ብላችሁ እንዳትናደዱ።

ጥሩነቱ፣ ስራ አትለቁም ልጅ አትበትኑም፣ መንገድ ሲዘጋም ሞጁሉ እጃችሁ ላይ ነው። ይሄኛውን ሰው አቅልሎ ያየዋል። ነሐሴ 2015 ላይ ክልሉ ውስጥ ሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየ ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ ኦንላይን የሚማሩ የማውቃቸው ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ እኔ ወረቀቴን እያገላበጥኩ ነበር።

ክፋቱን ልንገራችሁ። ስታቲስቲክስ ሞጁሉ ሲመጣልኝ ፎቶኮፒ ነው፣ ደህና ተጠርዟል፣ መጨረሻው ላይ የዚ ቴብል አለ፣ የእንግሊዝኛዋን Z ማለቴ ነው፣ የቁጥር ሰንጠረዥ። አሳይመንቱ 1.96ን ፈልጊ ይላል። የዚ ቴብል አጠቃቀሙ፣ በግራ በኩል 1.9 የሚለውን ረድፍ ትይዙና ከላይ ደግሞ .06 የሚለውን አምድ ይዛችሁ ትወርዳላችሁ፣ የሚገናኙበት ነው መልሱ። የኔ ወረቀት 1.9 አለው፣ ከላይ ግን .05 ላይ ያበቃል። ፎቶኮፒ ሲደረግ የቀኙ ጠርዝ ተቆርጧል። እኔ ደግሞ ቴብሉ ሙሉ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም፣ እንደተቆረጠ በምን ልወቅ፣ ሁለት ሳምንት ያልገባኝ ነገር አለ ብዬ ምዕራፉን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ማታ ማታ እንባዬ እስኪመጣ። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ለባልደረባዬ ባሳያት "እንዴ ይሄ እኮ ተቆርጧል" አለችኝ፣ በሁለት ሰከንድ። የሷን ደብተር ተውሼ የጎደሉትን አራት አምዶች በእጄ ገለበጥኳቸው። ዲስታንስ ማለት ለኔ ይቺ ናት፣ ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ መልስ ሁለት ሳምንት ትጠብቃላችሁ፣ ጎናችሁ የሚያውቅ ሰው ከሌለ።

ሌላው የወረቀት ጣጣ ነው። ሶስተኛው ዓመት ላይ ሁለት አሳይመንት በእጄ ወስጄ አስገብቼ ውጤት ሲለጠፍ ኤን ጂ ብሎ ወጣ፣ ማለት ግሬድ የለሽም፣ ስጠይቅ "አላስገባሽም"፣ ስከራከር "ምን ማስረጃ አለሽ"። ምንም የለኝም። ኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ደግሞ ሌላም ቦታ የሚሆን ነገር ነው። እንደገና ሰርቼ አስገባሁ፣ አንድ ሴሚስተር ተጎተተብኝ። ከዛ ወዲያ የማስገባውን ሁሉ የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ እያነሳሁ ተረካቢውን ቀንና ፊርማ አስጽፌ ነው የምወጣው፣ ፊታቸውን ቢያጠቁሩብኝም።

ዊኬንድ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፣ አስተማሪ አለ፣ ሰሌዳ አለ፣ ጎናችሁ የተቀመጠ ሰው አለ፣ ችግሩ መንገዱ ነው። ከደብረሲና ደብረብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወረቀት ስታዩት ምንም ነው፣ ግን ጣርማበርን መውጣት አለ፣ ክረምት ጉሙ ሲወርድ ዋሻው አፍ ላይ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ እንደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው። አስራ ስድስት ሳምንት በሁለት ቀን ብትመቱት በሴሚስተር 32 ቀን ነው፣ እያንዳንዱ ደርሶ መልስ። ባልደረባዬ ሶስት ወር ተመላልሳ ስላቃታት ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ቅዳሜ ማታ እዛው ማደር ጀመሩ። ስለዚህ የዊኬንድ ወጪ ስትደምሩ የክሬዲቱን ክፍያ ብቻ አትደምሩ፣ ታሪፍ አለ፣ ምሳ አለ፣ የቤት ኪራይ ድርሻ አለ፣ 2800 ሜትር ላይ ያለ ከተማ ስለሆነ ደግሞ ብርድ ልብስ አለ (እየቀለድኩ አይደለም፣ የደብረብርሃንን የህዳር ሌሊት ያላደረበት አያውቀውም)። በዲስታንሱ በኩል ደግሞ ሞጁል በክፍያው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ፣ ድጋሚ ፈተና ስንት ነው፣ የምረቃ ምናምን እያሉ መጨረሻ የሚጨምሩት ምንድነው፣ ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ሁሉ ከደመርኩ በኋላም ለኛ ለሁለታችን ዲስታንስ ነው የረከሰው፣ እሱን አልክድም። ደግሞ ዊኬንድ በቂ ተመዝጋቢ ካልተገኘ አይከፈትም፣ ሳይኮሎጂ እንደ አካውንቲንግ ሰው የሚጋፋበት ስላልሆነ ስራ አስፈቅዳችሁ ክፍል ተከራይታችሁ "ዘንድሮ አልሞላም" ልትባሉ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ይከፈት እንደሆን አረጋግጡ ከዛ ሌላው።

አሁን ፕራክቲከም። እኔ በዲስታንስ ደብዳቤ ተጻፈልኝና "ቦታ ራስሽ ፈልጊ" ተባልኩ፣ እዛው ያለ ትምህርት ቤት ሄጄ ለመንኩ ተቀበሉኝ። አንዲት ተማሪ አመጡልኝ፣ ክፍል ውስጥ አትናገርም ተብላ። ሃያ ደቂቃ አብረን ተቀመጥን፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ አይዞሽ አልኳት፣ በርቺ አልኳት፣ እኔም ልጅ ሆኜ እንዳንቺ ዓይናፋር ነበርኩ አልኳት፣ ወላጆችሽን ስሚ አልኳት። ሪፖርቱን የተባባላችሁትን ቃል በቃል ጻፊ ስለሚል ጻፍኩ። የሚያርመው መምህር ሶስት ገጽ ሙሉ የኔን ንግግር በቀይ አስምሮበት፣ የልጅቷ አራት ቃል ብቻ ነበር "እሺ፣ እሺ፣ አዎ፣ እሺ"፣ ከታች "ተማሪዋ የት አለች?" ብሎ ጽፎ መለሰልኝ። እኛ ቤት ሰው ሲቸገር ታላቅ ይመክራል፣ መምከር ደግሞ መናገር ነው፣ የሳይኮሎጂ ሊቁ ካርል ሮጀርስ ስለ ማዳመጥ የጻፈውን ሞጁሉ ላይ አንብቤ ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ፣ አፌ ግን አልሰማም። ባልደረባዬ ይሄንን ስህተት የሰራችው ክፍል ውስጥ ነው፣ አንዱ አማካሪ አንዱ ተማካሪ እየሆኑ ሲለማመዱ፣ መምህሩ መሀል ላይ አስቁሟት፣ ሰው ስቆባት፣ እዛው አረመች። እኔ የሰራሁት እውነተኛ ልጅ ላይ ነው። ዲስታንስ ከመረጣችሁ ተመዝግባችሁ ሳትጨርሱ "ፕራክቲከሙን የሚከታተለኝ ማነው፣ ስንት ጊዜ ያየኛል" በሉ፣ ሪፖርት ብቻ ነው ካሏችሁ ከዚያው አካባቢ የሰለጠነ ሰው ፈልጋችሁ አብሯችሁ እንዲቀመጥ ለምኑ፣ ጤና ጣቢያም ትምህርት ቤትም ይኑር። ደብረብርሃን ያላችሁ ደግሞ ከተማው ብዙ ተፈናቃይ የያዘ ስለሆነ ሳይኮሶሻል (የስነልቦናና የማህበራዊ ድጋፍ) የሚሰሩ ድርጅቶች አሉ፣ እዛ በፕራክቲከም መግባት ለስራም ያስተዋውቃል፣ ባልደረባዬ እንደዛ ነው ያደረገችው።

ውጭ አገር ኦንላይን ብዙ ሰው አልሞከረውም ግን ይጠየቃል። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ከ1946 በፈረንጅ ጀምሮ በርቀት የሚያስተምር ነው፣ አቃቂም ማዕከል አለው። የህንዱ ኢግኑ 1985 የተቋቋመ ነው፣ እዚህ አገር ለዓመታት በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል ማስተርስ አስተምሯል። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ 1969 ነው፣ የሳይኮሎጂ ዲግሪው ከእንግሊዝ የሳይኮሎጂስቶች ማህበር እውቅና ያለው ነው፣ 360 ክሬዲት ስለሆነ በዓመት 60 እየወሰዳችሁ ስድስት ዓመት ነው። ትምህርታቸው ግሩም ነው አልከራከርም፣ ስታቲስቲክሱን በቪዲዮ ያሳዩሃል፣ ጥያቄ ስትጽፍ መልስ ይመጣል። ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ዘለለ፣ አንድ ሴሚስተር ከፍለህ ቀጣዩ ሴሚስተር እጥፍ ሆኖ ጠበቀህ ማለት ነው። ኔትወርኩን ከላይ ብዬዋለሁ። እዚህ አገር ለመቀጠር ደግሞ የአቻ ግምት ከዛው ባለስልጣን ታስወጣላችሁ፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት "የዚህን ዩኒቨርሲቲ የርቀት ዲግሪ ትገምቱልኛላችሁ ወይ" ብላችሁ ጠይቁ። ዘመድ ውጭ ሆኖ የሚከፍልለት፣ ማስተርሱንም እዛው ልቀጥል ያለ ሰው ይሞክረው፣ ለሌላው አልመክርም።

መምህር የሆናችሁ ክረምት ፕሮግራም አለላችሁ፣ ወረዳችሁ ኮታ ካለው ሌላ አትፈልጉ፣ ሁለት ወር ከመምህር ጋር ፊት ለፊት ትማራላችሁ፣ የሚከፋው ዓመቱ መርዘሙ ብቻ ነው። ኦንላይን የሚሸጡት የሶስት ወር "ካውንስለር" ሰርተፍኬት ግን ዲግሪ አይደለም፣ ለእውቀት ከሆነ ጥሩ።

የመውጫ ፈተናውን ሳልረሳ። ከ2015 ጀምሮ የመንግስትም የግልም፣ መደበኛም ርቀትም፣ ሁሉም ይፈተናል፣ በኮምፒውተር ነው፣ ማለፊያው 50 ነው፣ ካላለፋችሁ ግሬዳችሁ ምንም ቢያምር ዲግሪው አይሰጣችሁም፣ ድጋሚ መፈተን ግን ይቻላል። ይሄ ዲስታንስን ከድሮው ይልቅ ከባድ አድርጎታል፣ ድሮ ሞጁል ሸምድዶ ፋይናል ማለፍ ይቻል ነበር፣ አሁን መጨረሻ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ነው። የዊኬንዶቹ አምስት ስድስት ሆነው እየተገናኙ ኮርሶቹን ተከፋፍለው ነው ያጠኑት። እኔ ኢንተርኔት በሌለበት በዛ ሰሞን ቴሌግራም የለ ምን የለ፣ ያለፍኩት በባልደረባዬ ደብተር ነው፣ እውነቱን ልናገር፣ እሷ ባትኖር ወይ ወድቄ ወይ ትቼው ነበር። ደግሞ ማውዝ ነክታችሁ የማታውቁ ኮምፒውተር ተለማመዱ፣ አንድ ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጠው መልሱን እያወቁት ቀጣዩን ጥያቄ የሚያመጣው ቁልፍ ጠፍቷቸው ላባቸው ሲወርድ አይቻለሁ።

ስራውስ ለምትሉ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ቤት አማካሪ፣ ሴቶችና ህጻናት፣ ማረሚያ ቤት፣ የሰው ሃይል አስተዳደር፣ እርዳታ ድርጅት ውስጥ ሳይኮሶሻል፣ እነዚህ ናቸው። መድሃኒት ማዘዝ የሳይካትሪ ነው፣ ያ በህክምና በኩል ነው የሚመጣው፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ልሁን ካላችሁ ደግሞ ማስተርስ አለባችሁ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ገብቼ እሰራለሁ ብሎ በዲስታንስ ቢኤ የጀመረ ሰው አውቃለሁ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የነገሩት።

እንግዲህ እንደየቦታችሁ። ደብረብርሃን ከተማ ወይ ጫጫ ሆናችሁ ዊኬንድ ከተከፈተ ዲስታንስ ምን ያደርግላችኋል፣ ሂዱና ቁጭ ብላችሁ ተማሩ። ሸዋሮቢትና አጣዬ ያላችሁ መንገዱ ለየሳምንቱ አይሆንም፣ ዲስታንስ ውሰዱ፣ ግን ለስታቲስቲክሱ ሴሚስተር ከዛው ሃይስኩል የሂሳብ መምህር ይዛችሁ በሳምንት አንድ ቀን አስጠኑኝ በሉ፣ የሚከፈለው ኮርሱን ሁለቴ ከመድገም ይረክሳል። ዓለም ከተማ ያላችሁ የመርሃቤቴ ልጆች ደብረብርሃን ያለ ማዕከል አትመዝገቡ፣ እናንተ በሙከጡሪ አድርጋችሁ አዲስ አበባ መውጣት ይቀላችኋል፣ ፈተናችሁንም እዛ አድርጉት፣ የጀማን ቁልቁለት አንዴ ከወረዳችሁ አይቀር።

የአክስቴ ልጅ፣ አንቺ መሀል ሜዳ ስለሆንሽ ዲስታንስ ነው፣ ግን ብቻሽን አትመዝገቢ። እዛ መስሪያ ቤትሽ ውስጥ ሳይኮሎጂ የሚያምራት አንዲት ሴት ፈልጊ፣ አብራችሁ ግቡ፣ ደብተራችሁ ይለያይ ሞጁላችሁ አንድ ይሁን። ሞጁል ስትረከቢ እዛው መስኮቱ ጋ ቆመሽ ገጽ በገጽ ግለጪው፣ ከኋላሽ የተሰለፈው ቢያጉረመርም አትስሚው፣ የስታቲስቲክሱ መጨረሻ ላይ ያለው ቴብል ከላይ በኩል .09 ድረስ መድረሱን እይ፣ ካልደረሰ መልሺላቸው።